በርበሬ ወደ ባንኮክ

አብዱረሂም ሰው የሌለው ከተማ ሄዶ አያውቅም። ከወገል ጤና ደሴ የወረደው አጎቱ ዘንድ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ የገባው አክስቱ ቤት ነው። ከአዲስ አበባ ኮሎምበስ የመጣውም የሚስቱ የሰዓዲያ ወንድም "ቤዝመንቱ ባዶ ነው፣ ኑ" ስላለ እንጂ ኦሃዮ የሚባል አገር አምሮት አይደለም። ለእሱ ዓለም ሁለት ናት፤ ሰው ያለን ዓለምና ሰው የሌለን ዓለም። ስለ ሁለተኛዋ የሚሰማው በዜና ነው፤ ዜና ደግሞ ጎርፍና መፈንቅለ መንግሥት እንጂ ደግ ነገር አያወራም።

ስለዚህ ልጁ ጀነት አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ የባንኮክ ቲኬት በስልኳ ስታሳየው፣ መጀመሪያ የጠየቀው ማንኛውም የወሎ አባት የሚጠይቀውን ነው።

"እዚያ ማን አለን?"

"ማንም" አለች ጀነት። "ዛትስ ዘ ፖይንት፣ አባ።"

አብዱረሂም ሚስቱን አያት። ሰዓዲያ ከንፈሯን ገልበጥ አደረገች። ማንም የሌለን መሆኑ እንደ ጥቅም ሲቆጠር ሁለቱም የሰሙት ያን ቀን ነው።

ልጅቷ ግን በባዶ ሜዳ አልተነሳችም። ጀነት ኮሎምበስ ተወልዳ፣ ዌስተርቪል ተምራ፣ አሁን ኒው አልባኒ አንድ ትልቅ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ሥራዋ ምን እንደሆነ ለአባቷ ደጋግማ አስረድታዋለች፤ እሱም ደጋግሞ ገብቶታል፣ ደጋግሞም ረስቶታል። የእሱን ሥራ ግን እሷ አሳምራ ታውቃለች። ከኦቤትስ መጋዘን ቫኑን ሞልቶ ይወጣና ቀኑን ሙሉ ከበር በር ሲል ይውላል። ኮሮና መጥቶ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲከተት እሱ ውጭ ቀረ። ያን ጊዜ ከተማው ዕቃ በስልክ እያዘዘ፣ ዕቃ አድራሹን ግን እንደ በሽታው ይሸሸው ነበር። መጋረጃ ገለጥ አድርገው ያዩታል፤ ቫኑ ሲርቅ በሩ ይከፈታል። ሥራው ዕቃውን በሩ ፊት ማስቀመጥ፣ ፎቶ ማንሳትና መሄድ ነው። ፎቶው ላይ ሰው እንዳይገባ መሥሪያ ቤቱ አጥብቆ ይከለክላል፤ ዕቃና በር ብቻ። በዚህ ዓይነት አብዱረሂም የከተማውን በር ሁሉ እያወቀ፣ ከበሮቹ ጀርባ ግን አንድ ሰው ሳያውቅ ሁለት ዓመት ከረመ።

ሌላም ነገር ነበር። ኮሮና ሳይመጣ አባትና ልጅ አዲስ አበባ ሄደው ነበር። ጀነት የወላጆቿን አገር ልታይ ነው የሄደችው፤ ያየችው ግን የሰው ሳሎን ነው። አብዱረሂም በሻንጣ በሻንጣ የሰው አደራ ተሸክሞ ገብቶ፣ ከኮልፌ ገርጂ፣ ከገርጂ ሳሪስ እያለ የአንዷን ጫማ ለእህቷ፣ የአንዱን መድኃኒት ለእናቱ ሲያደርስ የዕረፍት ፈቃዱ አለቀ። ለራሱ የያዘው ሸሚዝ ነበር፤ እሱንም ለአንድ ዘመድ ሰጥቶት መጣ። ጀነት ያንን አልረሳችም። በሆዷ ይዛው ነበር።

"ዋን ዊክ፣ አባ" አለችው አሁን። "ኖ ወርክ፣ ኖ አደራ። የማንንም ዕቃ አትይዝም። ጀስት ዩ። ፕሮሚስ አድርግልኝ።"

ይህን ስትል ዓይኗ እንባ አቀረረ። አብዱረሂም ነገሩ የቲኬት ጉዳይ አለመሆኑ ያኔ ገባው። ልጁ አባቷን አንዴ እንኳ የማንም ሹፌር ሳይሆን ልታየው ፈልጋለች፤ ለዚያም ከደመወዟ ስትቆጥብ ከርማለች። እምቢ ቢላት ልቧ ይሰበራል።

"እሺ" አላት።

እሺ ደግሞ መሐላ አይደለም። እሺ ማለት የተናገርሽውን ሰምቻለሁ፣ አሁን እንዳትቀየሚኝ ማለት ነው። ይህን ኦሃዮ ከተወለዱ ልጆች በቀር የማያውቅ ሐበሻ የለም።

ሰዓዲያ አብራው እንድትሄድ ብትለመን አሻፈረኝ አለች። "ሙቀት ካማረኝ ኦቨኑን እከፍታለሁ" ነው ያለችው።

የአብዱረሂም እሺ ሳምንት አልሞላትም። ሰው የሌለው አገር ሄዶ ቢታመም ማን ይጠይቀዋል? ቢሞትስ ማን ያለቅስለታል? አልታመመም አልሞተም እንበል፤ ገብቶ ሰላም የሚለው ሰው ከሌለ ለምን ይገባል? ይህን ሲያወጣ ሲያወርድ ሰንብቶ፣ አንድ ቀን የሐበሻ ሱቅ ውስጥ ምስር እያስመዘነ "ለመሆኑ ባንኮክ ሰው ያለው ይኖር ይሆን?" ብሎ ጠየቀ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ገና ቤቱ ሳይደርስ እትዬ ዘርፌ ኮል አደረጉለት።

እትዬ ዘርፌ በዚያው ታውንሃውስ መደዳ፣ ከእነሱ ቤት አለፍ ብሎ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። በፋሲካ እሳቸው፣ በዒድ ሰዓዲያ ሳህን ይዘው ሲመላለሱ ዘመድ ሆነዋል። ያን ዕለት የኦቾሎኒ ቅቤ የነበረበትን ትልቅ የፕላስቲክ ማሰሮ በርበሬ ሞልተው፣ አፉን በፕላስተር ዙሪያውን ደጋግመው ጠቅልለው፣ ጀነት ቢሮ ባለችበት ሰዓት መጡ።

"ኤልያብ ልጄ ባንኮክ ነው" አሉት። "ረጅም ልጅ ነው፣ የከበረ ድንጋይ ይነግዳል። ከኮሮና ወዲህ ስልክ አያነሳልኝም። 'ደህና ነኝ እማዬ' የምትል ጽሑፍ ብቻ ይልካል። ጽሑፍ ደግሞ ማንም ይጽፋታል።"

"አድራሻ አለዎት፣ እትዬ?"

"ከመስጊዱ ጀርባ፣ ከቦዩ ማዶ፣ ቢጫ በር ብሎኝ ነበር።" ማሰሮውን እጁ ላይ አስቀመጡለት። "በርበሬው ሰበብ ነው፣ አብዱዬ። የሰማይ የምድር አደራ፣ በዓይንህ አይተህልኝ ና።"

ሌላ ሰው ቢሆን በእንዲህ ያለ አድራሻ ይጨነቅ ነበር። አብዱረሂም ግን ደስ አለው። አሁን ባንኮክ ሰው አለው። በርበሬ ወደ ባንኮክ መውሰድ ለቀባሪው ማርዳት መሆኑን ያወቀው ኋላ ነው። ጀነት ሻንጣውን በገዛ እጇ አዘጋጅታ፣ የጸሐይ ቅባት፣ ባርኔጣና የዋና ቁምጣ ከትታ ዘጋችለት፤ እሱም እሷ ዞር ስትል ከፍቶ ማሰሮውን በቁምጣው ጠቀለለው። ቁምጣው ለሌላ ነገር አገልግሎ አያውቅም።

ባንኮክ የተቀበለችው በእንፋሎት ነው። ከኤርፖርቱ ሲወጣ የፈላ ድስት ክዳን ፊቱ ላይ የተከፈተበት መሰለው፤ መነጽሩ ደበዘዘ፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጠፈ። መንገዱ ላይ መኪናው ቆሟል፤ በቆመው መኪና መካከል ሞተር ሳይክሉ ይጎርፋል። አንዱ ሞተር ላይ አባት፣ እናት፣ ሕፃንና የጠረጴዛ ማራገቢያ ተጭነው አየ፤ ማራገቢያውን የታቀፈው ሕፃኑ ነው። ባጃጇንም አያት። ያቺው የደሴዋ ባጃጅ ናት፤ መብራትና ዘፈን ጨምረውባት ቱሪስት ይጭኑባታል። የእግረኛው መንገድ ላይ ከእግረኛ በቀር ሁሉም አለ፤ ምጣድ ሙሉ ዘይት የሚያንጨረጭር፣ ልብስ የሚሰፋ፣ ተጋድሞ የሚያንኮራፋ ድመት። ከራስ በላይ የኤሌክትሪክ ሽቦው ተተብትቦ ተንጠልጥሏል፤ የቱ ሽቦ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው ከነበረም ጡረታ ወጥቷል።

መጀመሪያ የጀነትን ፕላን ተከተለ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ወርቅ የተለበጠውን ቤተ መንግሥት አየ። ወርቁ ያብረቀርቃል፤ ሰዉ ጀርባውን እየሰጠው የራሱን ፊት ፎቶ ያነሳል። ከዚያ ወደ ሆቴሉ ተመልሶ ጣሪያው ላይ ካለው መዋኛ ጥግ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ኮኮናት ታቅፎ ተቀመጠ። ከታች ከተማው እስከ ሰማዩ ጠርዝ ይጨሳል።

"ይገርማል" አለ።

የሚመልስለት አልነበረም። አስተናጋጁ ብቻ ጎንበስ ብሎ መጥቶ "ሰር?" አለው።

"አይ፣ ምንም" አለው በአማርኛ።

ያን ጊዜ ፈራ። ኮሎምበስ ውስጥ ሁለት ዓመት በተዘጋ በር ፊት ብቻውን ሲመላለስ ያልፈራ ሰው፣ ባንኮክ ጣሪያ ላይ ብቻውን መሆኑን ፈራ። ኮሎምበስ ያን ሰዓት ሌሊት ነው። ጀነት ነቅታ በቪዲዮ ደውላ "ሪላክስ እያደረግክ ነው?" ስትለው "በጣም" አላት። ስልኩን ዘግቶ በቀጥታ ወደ ክፍሉ ወረደና ሻንጣውን ከፈተ።

ማሰሮውን በፌስታል አንጠልጥሎ ወጣ። ኮሎምበስ ላይ ስልኩ ግራ ካለው ግራ ነው፣ ቀኝ ካለው ቀኝ ነው፤ መንገድ ሰው ጠይቆ አያውቅም። እዚያ መንገድ የሚጠይቅ ሰው ወይ ታሟል ወይ ሊዘርፍህ ነው። ባንኮክ ላይ ግን "መስጊድ" ብሎ የጻፈበት ስልክ አንድ ግንብ ፊት አቁሞት "ደርሰዋል" አለው። አብዱረሂም ግንቡን አየው፣ ግንቡም አየው። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ብሎ መጠየቅ ጀመረ።

ቋንቋ የለውም፤ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ አዛን የሚል ሰው እየመሰለ መስጊድ ፈለገ። አንዱ ወደ ቦዩ ጠቆመው። የጠቆመውን ሰው፣ እጁን እንደዘረጋ፣ ፎቶ አነሳው፤ ለሚቀጥለው ሰው "ይኸው እንዲህ ብሎኛል" ብሎ ለማሳየት ነው። ከዚያ በኋላ የጠቆመውን ሁሉ ያነሳ ጀመር። ቦዩ ላይ ጀልባ ተሳፈረ። ጀልባዋ ስትፈጥን ተሳፋሪዎቹ የላስቲኩን መጋረጃ በገመድ እየሳቡ ከርጭቱ ይሸሸጋሉ፤ ገመዱ የነበረው እሱ እጅ ላይ ነው፣ አላወቀም፣ መደዳውን በሙሉ አረጠበው። ቱግ ያለ ሰው የለም። አንዲት ወፍራም ሴትዮ ፊታቸውን ጠርገው ገመዱን ተቀበሉትና የሚወርድበትን ጠቆሙት። እሳቸውንም አነሳቸው።

መስጊዱን ዐስር ሲሰገድ ደረሰበት። ሰግዶ ሲያበቃ "አሰላሙ ዐለይኩም" አለ፤ በዚያ ከተማ ሙሉ መልስ ያገኘባት የመጀመሪያዋ ቃል ናት። አንድ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ እጁን ይዘው አልለቀው አሉ። ኤልያብን በስሙ አያውቁትም። "ሐበሻ፣ ድንጋይ" እያለ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ቁመት ሲያሳያቸው ግን ሳቁ፤ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰች የሞተር ታክሲ ነጂ ጠርተው አስረከቡት። አብዱረሂም በዚህ ዕድሜው ከሴት ጀርባ፣ ሞተር ላይ፣ በርበሬ ታቅፎ ከነፈ። ዝናቡ ያን ሰዓት ወረደ። ጀነትም የደወለችው ያን ሰዓት ነው።

"አባ፣ ኢትስ ሶ ላውድ! የት ነህ?"

"ውሃ አጠገብ" አላት።

መንገዱ እስከ ቁርጭምጭሚት ሞልቶ ስለነበር ፍጹም ውሸት አይባልም።

ሴትዮዋ ያወረደችው አንዲት ቀጭን መንገድ አፍ ላይ ነው። ቢጫ በር? መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ በር ነው፤ የሰፈሩ ሰው ቀለም የገዛው በጅምላ መሆን አለበት። አብዱረሂም ሙያውን ያውቃልና ከመጀመሪያው በር ጀመረ። ኮሎምበስ ላይ በር ሲያንኳኳ መጋረጃ ይገለጥበት ነበር፤ እዚህ ሐብሐብ ተቆረጠለት። አንዱ በር ላይ ወንበር ሰጡት፤ አንዱ በር ላይ ፎጣ ሰጡት፤ አንዱ በር ላይ ማራገቢያውን ከሕፃኑ ላይ አንስተው ወደ እሱ አዞሩለት። ኤልያብን ግን የሰጠው የለም። የመጨረሻው በር ጋ ሲደርስ እግሩ ዝሏል፣ ሆዱ በሐብሐብ ተነፍቷል። አንኳኳ። ዝም ሲለው ማሰሮውን በሩ ፊት አስቀመጠ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ፣ ፎቶ አነሳ። ለምን እንዳነሳ ቢጠይቁት አያውቅም። እጁ ነው ያነሳው።

በሩ የተከፈተው ያኔ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጺሙ ያደገ ወጣት ብቅ አለ።

"ዕቃ አለህ" አለው አብዱረሂም በአማርኛ።

ኤልያብ ማሰሮውን አየ። ፕላስተሩን አየ። እንደዚያ አድርጎ ፕላስተር የሚጠቀልል ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። ደፉ ላይ ቁጭ አለ።

ነገሩ ከባድ ምሥጢር አልነበረም። ኮሮና ሲገባ የድንጋዩ ገበያ ቆመ፤ ኤልያብ ያለውን በላ፣ ከዚያ የሌለውን በላ። አሁን ትንሽ ቀና ብሏል። "ባዶ እጄን ምን ብዬ ልደውልላት፣ ጋሼ?" አለ።

"ስልክ የሚያዘው እኮ በባዶ እጅ ነው" አለው አብዱረሂም፣ ሐብሐቡ እያገሳው።

ኤልያብ ማሰሮውን ከፍቶ በጣቱ በርበሬ ቀመሰ። አለቀሰና "በርበሬው ነው" አለ። በርበሬ በየጥጉ በክምር በሚሸጥበት አገር ከበርበሬ የተነሳ ያለቀሰ ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ያኑ ቀን ለእናቱ ደወለ፤ ካሜራውን ግን አልከፈተም። ትንሽ ልወፍርና ፊቴን አሳያታለሁ ነው ያለው።

የቀረውን ሳምንት አብዱረሂም ከኤልያብ ጋር ከተማውን ዞረ። ሐላል የሚሸጥበት መንደር ገብተው ዱካ ላይ ተቀምጠው በሉ፤ ገበያው ውስጥ ተጋፉ፤ የጠቋሚ ሽማግሌውን ቤት ሄደው ሻይ ጠጡ። "ይገርማል" ባለ ቁጥር "ምኑ?" የሚለው ሰው ነበረው፤ ከዚያ በላይ ከአንድ ከተማ የሚፈልገው ነገር አልነበረም። ኤልያብ የሚሸጥበት መስኮት ጋ ቆሞ፣ ውስጡ እሳት የሚጫወትበት ድንጋይ አየና ከየት እንደመጣ ጠየቀ።

"ከእናንተው አገር፣ ጋሼ። ከደላንታ ገደል።"

አብዱረሂም ድንጋዩን አገላብጦ አየው። ልጅ ሆኖ ያንን ገደል ፍየል ጨራሽ ብለው ነበር የሚጠሩት። ዓለምን ዞሮ ሰው የሌለን አገር ድረስ መጥቶ ያገኘው የጎረቤቱን ገደል ነው።

ማሰሮ ባዶውን አይመለስም። ኤልያብ ለእናቱ ኮምጣጣ የሮቃ ፍሬ ከረሜላ ሞላበት፤ ለጀነትም ያንን ድንጋይ በቀለበት አሠርቶ በወረቀት ጠቅልሎ ከላይ አስቀመጠ።

አብዱረሂም ኮሎምበስ በገባ ቅዳሜ ቤቱ ሰው ሞላ። ጀነት ደስ ብሏት ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር ኮኔክት አደረገችው፤ አባቷ የጎበኘውን ሁሉ ታሳይ ዘንድ። እሱ ደግሞ ስለ ሙቀቱና ስለ ሞተሩ ወሬ ላይ ስለነበር፣ ስልኩ ውስጥ ምን እንዳለ ማሰብ ዘነጋ።

መጀመሪያ ቤተ መንግሥቱ መጣ። ሰዉ አደነቀ። ከዚያ መዋኛው፤ ከጥጉ የአብዱረሂም ጫማ ይታያል። ከዚያ እጁን ወደ ግራ የዘረጋ ሰውዬ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ቀኝ የዘረጉ ሴትዮ፣ ልብሳቸው ረጥቧል።

"ሁ ኢዝ ዚስ?" አለች ጀነት።

"ጠቋሚ ናቸው።"

"ይሄስ?"

"እሱም።"

ጀነት ፎቶውን ማለፍ ቀስ አደረገች። ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ። ብርቱካናማ ሰደርያ። ከዚያ ስክሪኑን የሞላ ቢጫ በር፣ ከበሩ ፊት የኦቾሎኒ ቅቤ ማሰሮ።

እንዲህ ያለ ፎቶ ጀነት ታውቀዋለች። ከአባቷ ስልክ ላይ ሁለት ዓመት ያየችው ይኸንኑ ነው፤ ዕቃና በር። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

"ዩ ዎርክድ" አለች ድምፅዋን ሳታነሳ። "ባንኮክ ሄደህ ዴሊቨሪ ሠራህ።"

አብዱረሂም ሊያስረዳት አፉን ከፈተ። ከእሱ በፊት እትዬ ዘርፌ ከሶፋው ተነሱ። ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግተው መነጽራቸውን አስተካከሉ።

"የልጄን ፎቶ የለህም?" አሉት።

"የለኝም፣ እትዬ" አለ። አፈረ። ሳምንት ሙሉ ከልጁ ጋር በልቶ ጠጥቶ፣ ሰውን ፎቶ ማንሳት በሐሳቡ ዝር አላለም፤ ጠቋሚዎቹን እንኳ ያነሳው ለመንገዱ ሲል ነው። "ከስቷል። ግን ይስቃል።"

አሮጊቷ አልሰሙትም። ጣታቸውን ስክሪኑ ታችኛው ጥግ ላይ አኖሩ። በሩ ገና በመከፈት ላይ ነው፤ ከስንጥቁ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ያደረገ እግር ጫፉ ወጥቷል።

"ይቺ የኤልያብ እግር ናት" አሉ። "አውራ ጣቱ ወደ ውስጥ የዞረች። የአባቱ ናት።"

እንዲያው ጣታቸውን እዚያው እንዳደረጉ ቆሙ። ቀጣዩን ፎቶ አሳዩን ያለ ሰው አልነበረም። ጀነትም አሮጊቷን ስታይ ቆይታ ወደ ጋራዡ ወጣች።

አብዱረሂም ተከተላት።

"ፕሮሚስ አድርገህልኝ ነበር።"

"አዎ። ዋሸሁሽ።" ግድግዳውን ተደገፈ። "የመጀመሪያውን ቀን እንዳልሽኝ አደረግኩ፣ ጀኑ። ጣሪያው ላይ ተቀመጥኩ። ስሜን የሚያውቅ የለም፣ ብናገር የሚሰማኝ የለም። ፈራሁ።"

"ያ እኮ ነው እረፍት። ኖባዲ ኒድስ ዩ።"

"ለአንቺ ነው እረፍት። ለእኔ ማንም የማያየኝ ቦታ ሥራ ነው። ኦቤትስ ነው። ያንን ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ።"

ጀነት ይቅር ማለት ገና አልፈለገችም፤ የደመወዟ ነገር አንጀቷን ያቃጥላታል። እሱ ከኪሱ ወረቀቷን አውጥቶ ቀለበቱን ሰጣት። በጋራዡ መብራት አገላብጣ አየችው፤ ውስጡ አረንጓዴና ቀይ ይጫወታል።

"ከባንኮክ ነው?"

አብዱረሂም መዋሸት ይችል ነበር። "ከደላንታ ነው። ከእኛ ቤት ብዙም አይርቅም።"

ሳቋ ሳትፈልግ አመለጣት። ወዲያው ኮስተር አለችና "ኔክስት ታይም" አለች፣ "እሺ አትበለኝ። የስ ኦር ኖ በለኝ።"

ኔክስት ታይም የመጣው በኅዳር ነው። የጀነት መሥሪያ ቤት አዲስ ሠራተኞች እንድታሠለጥን ወደ ማኒላ ሊልካት ሆነ። ለአባቷ ስትነግረው ጣቷን አነሳች።

"ለማንም አትናገርም። የስ ኦር ኖ?"

"የስ" አላት።

ይህን ቃል በእንግሊዝኛ ስለሰጠ ይሁን ልጁን ዳግመኛ ማስከፋት ስላልቻለ፣ አብዱረሂም ጠበቀው። የሐበሻ ሱቅ ሲገባ ምላሱን ነከሰ። እትዬ ዘርፌ "ልጅቷ ሻንጣ ገዝታለች፣ ወዴት ናት?" ሲሉት "ለሥራ" ብሎ አለፈ። አንድ ዓርብ መስጊድ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠው ሃቢብ፣ ዙልፋ የምትባል የእህቱ ልጅ ማኒላ እንደምትማር ሲያወራ፣ አብዱረሂም ወደ ሌላው ጎረቤቱ ዞሮ ስለ ቫኑ ጎማ አወራ። እንዲህ የከበደው ዕቃ ተሸክሞ አያውቅም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እሱም ያንኑ ለራሱ እየደገመ ቀኑ ደረሰ።

ኤርፖርት ያደረሳት እሱ ነው። ሻንጣዋን አወረደላት። ጀነት ግን ቶሎ አልገባችም። ፓስፖርቷን ይዛ፣ ያንን ቀለበት በአውራ ጣቷ እያዞረች ቆመች። እንግሊዝኛ ቅልቅል በሌለበት አማርኛ ጠየቀችው።

"አባ፣ እዚያ ማን አለን?"

አብዱረሂም የሻንጣዋን እጀታ አቀበላት። "ማንም" አላት። "ለማንም አልተናገርኩም። እንዳልሽኝ።"

"ኦኬ" አለች። "ጉድ። ታንክ ዩ።" ጉድ ስትል ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። አቅፋው ገባች።

አብዱረሂም ቫኑ ውስጥ ተቀመጠ፤ ቁልፉን ግን አላዞረም። ለልጁ የሰጠው ቃል እንደሆነ በሰላም ተጠብቋል፤ ጠብቆ ያተረፈው ደግሞ ልጁን ብቻዋን መላክ ነው። ስልኩን አወጣ። ሃቢብ ቤቱ ለኤርፖርቱ ቅርብ ነው።

"ያቺ የእህትህ ልጅ" አለው ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ "ማኒላ ያለችው። ጀነት ወደዚያ መሄዷ ነው። ኤርፖርት ወጥታ ትቀበልልኝ ይሆን?"

"በደስታ እንጂ! ግን ምነው አብዱ፣ ቀደም ብለህ ብትነግረኝ? ይኸው ለዙልፋ የተዘጋጀ ድርቆሽ ከነፌስታሉ ቤት ተቀምጧል፤ የሚወስድልኝ ሰው አጥቼ።"

አብዱረሂም በኤርፖርቱ መስታወት በኩል ወደ ውስጥ አየ። ጀነት ገና ወረፋ ላይ ናት፤ ሻንጣውም ከእጇ አልወጣም።

"ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅብሃል?" አለው።